ሹሙን ያስፈራው መራጩንም ሲያስፈራ፦ አክራሪ ክንፍ ተራማጅ ንቅናቄን መቼ ይጠቅማል፣ መቼ ይጎዳል?

«ጀስት ስቶፕ ኦይል» የተባለው የብሪታንያ የአየር ንብረት ቡድን ማርች 2025 ላይ የመንገድ መዝጋት ዘመቻውን እንደሚያቆም አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰጠው ምክንያት፣ አዲስ የነዳጅና የጋዝ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያቀረበው ጥያቄ የመንግሥት ፖሊሲ ሆኗል የሚል ነው። ተቺዎቹ ይህን አይቀበሉም። ፈቃዱን ያስቆመው በ2024ቱ ምርጫ የሌበር ፓርቲ ማሸነፉ ነው፤ በመስታወት በተሸፈነ የቫን ጎግ ሥዕል ላይ ሾርባ የደፉት ወጣቶች ትተው የሄዱት ነገር ቢኖር ጠበቅ ያለ የሰልፍ ሕግና የተማረረ ሾፌር ነው ይላሉ።

ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ለሴቶች የመምረጥ መብት በታገሉት መካከል ነበር፤ በጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት ንቅናቄ ውስጥ ነበር፤ በ2020 በአሜሪካ በተነሣው የፖሊስ ማሻሻያ ጥያቄም ተደግሟል። ለዘብተኛው «ሕዝቡን ያስሸሻችሁብን እናንተ ናችሁ» ይላል። አክራሪው «እኛ ባንኖር ማን ዞር ብሎ ያያችሁ ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። የማይግባቡት እያንዳንዳቸው የሚያስቡት ተመልካች የተለያየ ስለሆነ ነው። አክራሪው በር የሚከፍተውን ባለሥልጣን፣ ገንዘብ የሚሰጠውን ድርጅት፣ ገበያ እንዳይቀዘቅዝበት የሚሰጋውን ነጋዴ ያስባል። ለዘብተኛው በምርጫ ቀን ካርድ የሚጥለውን ሰው ያስባል። ግርግር የመጀመሪያዎቹን ለድርድር ያስቀምጣል፤ መራጩን ግን «ሥርዓት አስከብራለሁ» ወደሚል እጩ ይነዳዋል። በእኛ እይታ ማንኛውም ንቅናቄ ስለ አክራሪ ክንፉ ከመጨቃጨቁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ የምንፈልገውን ነገር የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው።

ገንዘቡ ሲጨምር፣ ድምፁ ሲቀንስ

ነገሩን በቁጥር የመረመረውና «የአክራሪ ክንፍ ውጤት» በሚል ስም እንዲታወቅ ያደረገው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኸርበርት ሔይንስ ነው። በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ድርጅቶች ከ1957 እስከ 1970 ከውጭ ለጋሾች ያገኙትን ገቢ ድርጅት በድርጅት ተከታተለ። ብዙዎች አክራሪዎቹ ሲበረቱ ለጋሹ ከንቅናቄው ሁሉ ይሸሻል ብለው ይገምቱ ነበር። መዝገቡ ያሳየው ሌላ ነው። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ «የጥቁር ኃይል» መፈክር ሲነሣና ከተሞች ሲነዱ፣ እንደ «ኤንኤኤሲፒ» እና «ኧርባን ሊግ» ወዳሉት ለዘብተኛ ድርጅቶች የሚገባው ገንዘብ አደገ። የደረቀው ወደ አክራሪነት ያዘነበሉት «ስኒክ» የተባለው የተማሪዎች ኮሚቴና «ኮር» የተባለው የመብት ድርጅት ገቢ ነው። ፋውንዴሽኖችና ትላልቅ ኩባንያዎች ከነማን ጋር ቢሠሩ እንደሚሻላቸው አስልተው ለይተው ሰጡ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለአክራሪው ወገን ይመሰክራል። ግን በእነዚያው ዓመታት የምርጫ ኮሮጆው ውስጥ የገባውን እንይ። በ1964 ሊንደን ጆንሰን 61 በመቶ የሚሆን ድምፅ አግኝተው ሲያሸንፉ፣ ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት 295፣ በሴኔት 68 መቀመጫ ያዙ። የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ የወጣው በዚህ ብልጫ ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የተፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግም እንዲሁ፤ ከዚያ በፊት እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖረው ሐበሻ እናቱን ወይም ወንድሙን የሚያስመጣበት የቤተሰብ መንገድ በዚያ ሕግ ላይ የቆመ ነው። ያ ዕድል የተከፈተው ግን ለአጭር ጊዜ ነበር። ኦገስት 1965 በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር የተነሣው ሁከት 34 ሰው ጨረሰ። በ1966 ምርጫ ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት 47 መቀመጫ አጡ፤ ሪፐብሊካኑ ሮናልድ ሬገን የካሊፎርኒያ ገዢነትን ያዙ። በዚያው ዓመት የቀረበው፣ በመኖሪያ ቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለው ረቂቅ ሕግ ሴኔት ውስጥ ታንቆ ቀረ። በ1967 ዲትሮይት ውስጥ 43፣ ኒውአርክ ውስጥ 26 ሰዎች ሞቱ። በ1968 የዴሞክራቶቹ እጩ ኸምፍሪ ያገኙት 42.7 በመቶ ብቻ ነው። ኒክሰን 43.4፣ ዘር መለያየትን ይደግፍ የነበረው ጆርጅ ዋላስ 13.5 በመቶ አገኙ።

የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ኦማር ዋሶው በ2020 ያሳተመው ጥናት ይህን ከሰፈር ሰፈር ለይቶ ያሳያል። ጥቁሮች የመሯቸው ሰላማዊ ሰልፎች በተደረጉባቸው አቅራቢያ ባሉ አካባቢዎች የዴሞክራቶች ድምፅ ከ1.6 እስከ 2.5 በመቶ ጨምሯል። በ1968 ሁከት የታየባቸው ተቃውሞዎች ግን ነጭ መራጮችን ከ1.5 እስከ 7.9 በመቶ ወደ ሪፐብሊካን እንዳዘነበሉ ይገምታል። ሁከቱ በዝናብ ምክንያት የቀረባቸውን ቦታዎች ካልቀረባቸው ጋር በማነጻጸር ነው ወደዚህ የደረሰው፤ ዝናብ የማንንም ፖለቲካ አይመርጥምና ዘዴው ጠንካራ ነው። እዚህ ላይ ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። ዋትስንም ሆነ ዲትሮይትን አንድም ድርጅት አቅዶ አላቀጣጠላቸውም፤ መነሻቸው የፖሊስ በደልና የኑሮ ምሬት ነው። መራጩ ግን ያንን አልለየም። እሳቱን፣ «የጥቁር ኃይል» መፈክርንና የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ሰልፍ በአንድ የቴሌቪዥን ምሽት አይቶ በአንድ ላይ ደመራቸው።

የኤፕሪል 1968 የቤቶች ሕግ ሁለቱንም ፊት በአንድ ወረቀት ላይ ያሳያል። ኪንግ ኤፕሪል 4 ተገደሉ፤ ከ100 በላይ ከተሞች ታመሱ፤ ሴኔቱ በማርች ያሳለፈውና ምክር ቤት ውስጥ ይጠብቅ የነበረው ረቂቅ ኤፕሪል 10 ጸድቆ በማግሥቱ ተፈረመ። ኮንግረሱ የተለመደውን ማመንታት በአንድ ሳምንት ተወ። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ሁከት ለማነሣሣት ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት መጓዝ የፌዴራል ወንጀል ሆኖ ተደነገገ። ሹሙ ሲደነግጥ ከመስጠት ጋር መቅጣትንም ያስባል። ቅጣቱ ደግሞ ለዘብተኛውን አይምርም፦ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኦገስት 1967 «ኮይንቴልፕሮ» በተባለው የስለላ ፕሮግራሙ ጥቁር ብሔርተኞችን እንዲያዳክሙ ለሠራተኞቹ መመሪያ ሲሰጥ፣ ከተዘረዘሩት ድርጅቶች አንዱ ሰላማዊ ትግልን መመሪያው ያደረገው የኪንግ የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ ነበር።

በርሚንግሃም፦ አክራሪው ክንፍ የሠራበት ጊዜ

ከ1963 እስከ 1965 ያለው ጊዜ የተለየ ነው፤ በዝርዝር ሊጠና የሚገባውም እሱ ነው።

ኪንግ ኤፕሪል 1963 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ከምትገኘው ከበርሚንግሃም ከተማ እስር ቤት በጻፉት ደብዳቤ ራሳቸውን በሁለት ኃይሎች መካከል አቁመዋል። በአንድ በኩል ጭቆናን ለምዶ ዝም ያለው፣ በሌላ በኩል በነጮች ተስፋ የቆረጠው ጥቁር ብሔርተኛ አለ። እኛን ካልሰማችሁን ሚሊዮኖች ወደዚያ ይሄዳሉ አሉ። አክራሪውን አላወገዙትም፣ አላቀፉትምም፤ ለከተማዋ ቀሳውስትና ነጋዴዎች እንደ አማራጭ አሳዩት። የዚያ አክራሪ ክንፍ ታዋቂ ድምፅ የነበረው ማልኮም ኤክስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ፌብሯሪ 4 ቀን 1965 ኪንግ እስር ቤት እያሉ ወደ ሴልማ ሄዶ ለባለቤታቸው ለኮሬታ፣ የመጣው ሥራቸውን ሊያከብድባቸው እንዳልሆነ፣ ነጮች ሌላው አማራጭ ምን እንደሆነ ቢያዩ ኪንግን ለመስማት ይቀላቸዋል ብሎ እንደሆነ ነግሯቸዋል።

ይህ ለምን ሠራ? አንደኛ፣ በዚያን ጊዜ አክራሪው ክንፍ የያዘው ቃል ነበር። ካሜራ ፊት ሕፃናት ላይ ውሻ የለቀቀውና የእሳት አደጋ ውኃ የረጨው የበርሚንግሃም ፖሊስ ነው። ባለሥልጣኑ ስለ ነገ ይሰጋል፣ መራጩ ግን ዛሬ የሚያየው በዳይ ፖሊሱን ነው። ሁለተኛ፣ ለዘብተኛው ወገን ተዘጋጅቶ የጠበቀ፣ ሊፈረም የሚችል ጥያቄ ነበረው። ሜይ 10 ቀን 1963 ከነጋዴዎቹ ጋር የተደረሰው ስምምነት ቀን የተቆረጠለት ነው፦ የልብስ መለኪያ ክፍሎች በ3 ቀን ለሁሉም ይከፈታሉ፣ በመጸዳጃ ቤትና በመጠጥ ውኃ ላይ ያለው «ለነጭ» «ለጥቁር» የሚል ጽሑፍ በ30 ቀን ይነሣል፣ በሱቆች ውስጥ ያሉ የምግብ መሸጫ ባንኮኒዎች በ60 ቀን ለሁሉም ይከፈታሉ። በማግሥቱ ሌሊት የኪንግ ቡድን ያረፈበት ሞቴል በቦምብ ሲመታና የሰላማዊ ትግል ቃል ያልገቡ ነዋሪዎች ድንጋይ ይዘው ሲወጡ፣ ኬኔዲ ከከተማዋ አቅራቢያ ጦር አሰፈሩ፤ ስምምነቱ ግን አልፈረሰም፤ ጽሑፉ ጠረጴዛ ላይ ነበርና። ጁን 11 ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ቀርበው የሲቪል መብት ሕግ እንደሚያቀርቡ ተናገሩ።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አጥሩ ነው። በበርሚንግሃም ሰልፍ የሚወጣ ሁሉ አሥር ነጥቦች ያሉት የቃል ኪዳን ካርድ ይፈርም ነበር፤ በእጅም ሆነ በአንደበት ሌላውን እንዳይጎዳ። ኦገስት 28 ቀን 1963 ዋሽንግተን ላይ 250,000 ሰው ገደማ ሲሰበሰብ አዘጋጁ ባያርድ ረስቲን ከኒውዮርክ የመጡ ጥቁር ፖሊሶችን ያለ መሣሪያ ሰልፍ አስከባሪ አድርጎ አሠለጠነ። በሰልፈኛው እጅ የሚታየው መፈክር አስቀድሞ የጸደቀ ነበር፤ በሰዓት 2 ዶላር ዝቅተኛ ደሞዝን ጨምሮ አሥር ጥያቄዎች በጽሑፍ ተሰጡ፤ ሰልፈኛው ሳይመሽ ተበተነ። የ«ስኒክ»ን ንግግር ያዘጋጀው የ23 ዓመቱ ጆን ሉዊስ በጣም ሻካራ ቃላቱን በመጨረሻው ሰዓት እንዲያለዝብ ተለመነ፤ እሱም እሺ ብሎ አለዘበ። አክራሪው መድረክ ላይ ነበር። ግን ማን ምን እንደሚል፣ ማን ለምን እንደሚጠየቅ ተመልካቹ መለየት ይችል ነበር።

ሚኒያፖሊስ፦ አጥሩ የፈረሰበት

ሜይ 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ስር ሲሞት፣ ማሻሻያ የሚጠይቀው ወገን በአሜሪካ ታሪክ እምብዛም ያልታየ ድጋፍ አገኘ። በፒው የምርምር ማዕከል ጥናት በጁን 67 በመቶ አሜሪካውያን የ«ብላክ ላይቭስ ማተር» ንቅናቄን ይደግፉ ነበር። በሴፕቴምበር 55 በመቶ ሆነ። በመካከሉ ብዙ ነገር አለ፦ የፖሊስ ጣቢያ ተቃጥሏል፣ በሌክ ስትሪት የስደተኞች ሱቆች ወድመዋል፣ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫም እየቀረበ ነበር። እኛ ግን በተለይ የምናተኩረው ጁን 7 ላይ ነው።

በዚያ ቀን ከ13ቱ የከተማው ምክር ቤት አባላት 9ኙ በፓውደርሆርን ፓርክ መድረክ ላይ ቆመው ፖሊስ መምሪያውን እንደሚያፈርሱ ቃል ገቡ። ከፊታቸው «ለፖሊስ በጀት ይቋረጥ» የሚል መፈክር በትላልቅ ፊደላት ቆሞ ነበር። የአክራሪው ክንፍ መፈክር በአንድ ከሰዓት የዋናው ንቅናቄ ባለሥልጣናት መፈክር ሆነ። ከዚያ በኋላ በደቡብ ካሮላይናም ሆነ በቨርጂኒያ የሚወዳደር ለዘብተኛ እጩ «እኔ ይህን አላልኩም» ቢል፣ ተቀናቃኙ የሚያሳየው ፎቶ አለው። በኖቬምበሩ ምርጫ ማግሥት በተወካዮች ምክር ቤት የዴሞክራቶች መሪ ከሆኑት አንዱ ጂም ክላይበርን፣ ራሳቸው በ1960ዎቹ የሰልፍ አንጋፋ ናቸው፣ ያኔ «ተቃጠል» የሚለው መፈክር ንቅናቄያቸውን እንዳጠፋው ይኸኛውም እንደጎዳ ተናገሩ።

በሁለተኛው ዓመት ጉዳዩ በቀጥታ ወደ መራጩ ሄደ። ኖቬምበር 2 ቀን 2021 የሚኒያፖሊስ ነዋሪዎች ፖሊስ መምሪያውን በሕዝብ ደኅንነት መምሪያ ለመተካት በቀረበ ጥያቄ ላይ ድምፅ ሰጡ፤ 56 በመቶ «አይሆንም» አለ። ብዙ ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰሜን ሚኒያፖሊስም በአብዛኛው «አይሆንም» ነው ያለው። በ2020 ፖሊስ ይፍረስ አልልም በማለታቸው ከሰልፈኛው መሐል በጩኸት የተባረሩት ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ በዚያው ምርጫ እንደገና ተመረጡ። የረቂቁ ጉድለት ግልጽ ነበር፦ ከከተማዋ መተዳደሪያ ሰነድ ላይ የፖሊስ ቁጥር ዝቅተኛ ወለልን ያነሣል፣ ስንት ፖሊስ እንደሚቀር፣ ሌሊት ሲደወል ማን እንደሚመጣ ግን አይናገርም። ግድያ በጨመረበት ዓመት ቤቷ ደጃፍ የተኩስ ድምፅ የምትሰማ እናት እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ «እሺ» ባለማለቷ ልትወቀስ አይገባም። በዋሽንግተንም በጆርጅ ፍሎይድ ስም የተሰየመው የፖሊስ ማሻሻያ ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ጊዜ አልፎ ሴኔት ላይ ቆመ፤ ማርች 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን በኮንግረስ ፊት መልሱ ለፖሊስ በጀት መስጠት ነው አሉ።

ጥናቶቹ የሚነግሩንና የማይነግሩን

ብሬንት ሲምፕሰን፣ ሮብ ዊለርና ማቲው ፋይንበርግ በ2022 ባሳተሙት ሥራ 2,772 ሰዎችን በሁለት ሙከራዎች ፈተኑ። ስለ እንስሳት መብትና ስለ አየር ንብረት የሚታገሉ ቡድኖችን የሚገልጽ ጽሑፍ ሰጧቸው። አክራሪ ቡድን ከጎኑ ሲኖር ለዘብተኛው ቡድን ተጨማሪ ድጋፍ አገኘ፤ በንጽጽር ይበልጥ ለዘብተኛ መስሎ ስለታየ። ይህን ያመጣው አክራሪ ስልት ነው። አክራሪ ዓላማ ብቻውን ያንን ውጤት አላመጣም። ከሚኒያፖሊስ ጋር ሲነጻጸር ትርጉም ይሰጣል፤ እዚያ ዋናው ንቅናቄ የወረሰው ዓላማውን ነበርና።

ከሙከራ ክፍል ውጭ ጥሩ ማስረጃ ያለን ከብሪታንያ ነው። ኖቬምበር 2022 «ጀስት ስቶፕ ኦይል» ለንደንን የሚዞረውን ኤም 25 አውራ ጎዳና ለአራት ቀን ሲያውክ፣ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊትና በኋላ 1,415 ሰዎችን ጠየቁ። «ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኧርዝ» ለተባለው አንጋፋ ለዘብተኛ ድርጅት የሚሰጠው ድጋፍ ከ50.3 ወደ 52.9 በመቶ አደገ። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሾፌሮች በንዴት ሲጮኹ በዋሉበት ሳምንት የተገኘ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ስማቸውም፣ ዓርማቸውም፣ ቃል አቀባያቸውም የተለያየ መሆኑ ረድቷል። በሙከራ ጽሑፍ ላይ ተሳታፊው ሁለት ቡድኖችን በሁለት ስም ተለይተው ያገኛቸዋል፤ መንገድ ላይ ግን ያን የሚያደርግለት የለም፤ ንቅናቄው ራሱ ካልለየ ተመልካቹ ይደባልቀዋል።

የማይለካው ወጪ ደግሞ ሕግ ነው። በ2023 የወጣው የብሪታንያ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ሰውነትን ከዕቃ ጋር ማሰርን ወንጀል አድርጎ፣ የፖሊስን የፍተሻ ሥልጣን አስፍቷል፤ ይህ ሾርባ ደፍተው የማያውቁ ሰልፈኞችንም ይይዛል። የኤም 25ን ዘመቻ በማቀድ የተከሰሱ አምስት ሰዎች ጁላይ 2024 ከአራት እስከ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ የአምስቱም ቅጣት በኋላ በይግባኝ ቢቀነስም።

በብሪታንያ ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው ትግልም መዝገቡ ተመሳሳይ ነው። በ1911 የቀረበው ረቂቅ በፓርላማ 255 ለ88 ድጋፍ አገኘ። ማርች 1912 መጀመሪያ ላይ የኤሜሊን ፓንክኸርስት ተከታዮች የመሐል ለንደንን ሱቆች መስታወት በመዶሻ ሰባበሩ፤ በወሩ መጨረሻ ያው ረቂቅ 208 ለ222 ወደቀ። የአየርላንድ ተወካዮች በራሳቸው ስሌት መገልበጣቸውም ድርሻ አለው፤ ሁሉንም በመዶሻው ላይ መጫን ልክ አይሆንም። የሚሊሰንት ፎሴት ለዘብተኛ ማኅበር ግን ተቀምጦ አላለቀሰም፤ በዚያው ዓመት ከሌበር ፓርቲ ጋር ተስማምቶ የምርጫ ገንዘብ ማሰባሰብና ለእጩዎቹ መቀስቀስ ጀመረ።

በተግባር

ለዘብተኛ ድርጅት የሚመራ ሰው መጀመሪያ ጥያቄውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ይለይ። የኩባንያ ቦርድ፣ ከንቲባ ወይም ሚኒስትር ብቻውን የሚወስነው ከሆነ፣ አክራሪው የሚያስነሣው ጫና ጊዜን ያሳጥራል። ከስድስት ወር በኋላ ሕዝበ ውሳኔ ወይም ምርጫ ካለ፣ ያው ጫና በተቃራኒው ይሠራል። ቀኑን ማወቅ ማለት ይህ ነው።

አክራሪው ክንፍ ድርጊት ሲፈጽም የመጀመሪያው 24 ሰዓት ወሳኝ ነው። የሚያዋጣው መግለጫ አጭር ነው፦ በስልቱ አንስማማም በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ወዲያው ረቂቁ ምን እንደሆነ፣ ማን መፈረም እንዳለበት፣ እስከ መቼ የሚለውን ይናገራል። ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንዱ ዝም ማለት ነው፤ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ሌላው ለአምስት ቀን ማውገዝ ነው፤ ያኔ ዜናው የእርስ በርስ ጠብ ይሆንና ረቂቁ ይረሳል። የባንክ ሒሳብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ ቃል አቀባይና የሰልፍ አስከባሪ አስቀድሞ የተለየ መሆን አለበት፤ በግርግር ሳምንት አጥር አይሠራም።

ከሁሉ በላይ ግን ጽሑፉ ዝግጁ ይሁን። አክራሪው የሚከፍተው በር ለሳምንታት ብቻ ክፍት ይሆናል፤ በ2020 ብዙ ከንቲባዎች «ምን እናድርግ?» ብለው በጠየቁበት ሳምንት ብዙ ቦታ የተሰጣቸው መልስ መፈክር ነበር።

ሦስተኛ ዓይነት ወሳኝም አለ፤ እሱ ፍርድ ቤት ነው። ጁን 20 ቀን 2024 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደቡብ እንግሊዝ ሰሪ በሚገኝ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ነዋሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ ፈቃድ ሲሰጥ ነዳጁ ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝም መታየት አለበት ብሎ 3 ለ2 ወሰነ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 2025 «ግሪንፒስ» እና «አፕሊፍት» ባቀረቡት ክስ የ«ሮዝባንክ» የባሕር ነዳጅ ፈቃድን ሕገ ወጥ ብሎ ጉዳዩ እንደገና እንዲወሰን ወደ መንግሥት መለሰው። ዳኞቹ ፊት የቀረበው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ነበር፤ የመንገድ መዝጋቱ በዚያ ክርክር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ፋይሉ ወደ ሚኒስትር ጠረጴዛ ሲመለስ ግን ሒሳቡ እንደገና ይቀየራል፤ እዚያ የሚወስነው ሰው ጋዜጣ ያነባል፣ ለመራጭም መልስ አለበት።